አባቱ መምህር ናቸው ብዬ ነበር

የሐምሌ ጉም ሰቆጣ ላይ ሲወርድ ከተማው ቀስ በቀስ ይጠፋል። መጀመሪያ ከላይ ያለው ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፤ ቀጥሎ የገበያው ሜዳ፣ ከዚያ የጎረቤት ቤት፣ በመጨረሻ የራሳችን ደጅ። ያ ክረምት በሐሳቤ የሚመጣው ሁልጊዜ በዚህ ጉም ውስጥ ሆኖ ነው። ስለዚህ የቱን በዓይኔ እንዳየሁ፣ የቱን በኋላ እንደጨመርሁ አጥርቼ መለየት አልችልም። በአንድ ነገር ግን እርግጠኛ ነኝ፤ ዋሽቻለሁ። የዋሸሁትም ጮክ ብዬ፣ በጥሩ አማርኛ፣ በሽማግሌዎች ፊት ነው።

በንጉሡ ዘመን፣ አዲስ አበባ ላይ ዩኒቨርሲቲ የምማር ጊዜ ነው። ለክረምቱ ወደ አገሬ ስመለስ ብቻዬን አልነበርሁም። አንድ ክፍል የምንጋራው ጓደኛዬ አብሮኝ ነበር፤ ከደቡብ አፍሪካ የመጣ፣ ረጅም፣ ሲራመድ መሬቱን የሚለካ የሚመስል ሰው። በዚያ ዓመት ትምህርት አቁመን፣ ሰልፍ ወጥተን፣ ፖሊስ በየመንገዱ አሯሩጦን ግቢው ከጊዜው በፊት ተዘጋ። ሁላችሁም ወደየአገራችሁ ሂዱ ተባልን። እሱ የሚሄድበት አገር አልነበረውም። «ወደ እኔ አገር ና» አልሁት። ይህን ስል ደረቴ ምን ያህል ተነፍቶ እንደነበር አሁን ሳስበው ያስቀኛል።

ታሪኩን ግቢው ሁሉ ያውቀው ነበር፤ ያሳወቅሁትም እኔ ነኝ። በአገሩ በጣት ከሚቆጠሩ በቀር ጥቁር የማይቀበል አንድ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ነበር። ትምህርቱን ከነጮቹ ጋር ይሰማል፤ ሻይ ግን አብሯቸው አይጠጣም። ለእሱና ለሁለት ጓደኞቹ የቆርቆሮ ኩባያ ከሻይ ቤቱ ውጭ ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ ይጠብቃቸዋል። አንድ ቀን ሦስቱም ገብተው ከነጮቹ ወንበር ላይ ተቀመጡና እንደ ሰው በስኒ ይቅረብልን አሉ። ሻዩ ሳይመጣ ፖሊስ መጣ። ከትምህርቱ ተባረረ፤ ሊያስሩት ሲፈልጉት ደግሞ ድንበሩን በእግሩ ተሻግሮ፣ ከአገር አገር ሲል እኛ ዘንድ ደረሰ።

እኔ ይህን ታሪክ ይዤ ወንበር ላይ ወጣሁ። በምግብ አዳራሹ ፊት ተማሪው በተሰበሰበበት፣ ጓደኛዬን ከፊቴ አቁሜ፣ «ይህ ልጅ አባቱ ቀጥቃጭ ነው! ብረት ቀጥቅጠው ያሳደጉት ልጅ ከሰው ጋር ሻይ እንዳይጠጣ ተከለከለ!» ብዬ ጮህሁ። ጭብጨባው ለብዙ ጊዜ አላባራም። ጭብጨባ እወድ ነበር፤ ምን ልዋሽ። ለወትሮው ስናገር አገውኛ በሚጎትተው አማርኛዬ የሚያሾፉብኝ ልጆች ሁሉ በዚያን ቀን ትከሻዬን እየመቱ አለፉ። ጓደኛዬ የአባቱ ነገር ሲነሣ አንገቱን ደፍቶ ፈገግ ብሎ ነበር። አባቱን ይወዳል። የብረቱን ሙቀት በቀለሙ እንዴት እንደሚያውቁ፣ አንዱን ቀለም የዱባ፣ ሌላውን የጀምበር ግባት እያሉ እንደሚጠሩት ስንት ጊዜ አጫውቶኛል።

እኔ ባደግሁበት አገር ቀጥቃጭ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያን ጊዜ አልታሰበኝም። ወይም ታስቦኝ አሳልፌው ይሆናል።

ወደ ሰቆጣ ሲሄዱ ከኮረም በኋላ መንገዱ በእግርና በበቅሎ ነው። ጓደኛዬ በቅሎ ላይ ሲቀመጥ እግሩ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው። በአንድ እጁ የአባቴን አሮጌ ጃንጥላ ይዞ፣ በሌላው የበቅሎዋን ጋማ ጨብጦ፣ ከታች ደመናው ገደሉን ሞልቶ ሲተኛ ዝም ብሎ ያያል። የሩቆቹ ተራሮች ጫፋቸው ብቻ ወጥቶ ይታያል፤ ሥር የሌላቸው ይመስላሉ። «አገራችሁ መጨረሻ አለው?» አለኝ በሁለተኛው ቀን። እኔም አላውቅም አልሁት፤ ደስ ብሎኝ ነበር። እንደዚያ ደስ ብሎኝ የሄድሁበት መንገድ ከዚያ በፊትም በኋላም የለም።

አባቴ ቄስና የዜማ መምህር ነበሩ። ደጅ ወጥተው ጠበቁን፤ መስቀሉን ካሳለሙን በኋላ ወደ ጎን ስበው፣

«ተጠምቋል?» አሉኝ።

«ተጠምቋል፣ አባ።»

«ጾምስ ያውቃል?»

«እየተማረ ነው።»

«እንግዲህ እንግዳ የእግዜር ነው» አሉና ከመደባቸው አጠገብ ቦታ ሰጡት። እናቴ የራሷን ጋቢ አለበሰችው። አማርኛ ብዙም አይቀናትም፤ በአገውኛ ታወራዋለች፤ እሱም በእናቱ ቋንቋ ይመልስላታል። አንዱ የሌላውን አንዲት ቃል ሳይሰማ ለረጅም ጊዜ ይጨዋወቱና ሁለቱም ረክተው ይነሣሉ። እኔ ልተርጉም ስል በእጇ ዝም በል ትለኛለች።

በሦስተኛው ቀን ይሁን በአራተኛው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ወደ ቤት ስንወርድ፣ ጉሙ ውስጥ የመዶሻ ድምፅ ተሰማ። ከወንዙ ማዶ ነው። ጓደኛዬ ቆመ። ዓይኑን ጨፈነ። «ይኼን ድምፅ አውቀዋለሁ» አለ። «አሁን ብረቱ ቀዝቅዟል፤ መልሰው እሳት ውስጥ ያስገቡታል።» ወዲያው ድምፁ ተቋረጠ። ሳቀ፤ ልጅ ሆኖ ታየኝ። «እንሂድ፣ ልያቸው» አለ። እኔ ወንዙ ሞልቷል አልሁት። ወንዙ አልሞላም ነበር። በማግሥቱም «ነገ» አልሁት፤ በሦስተኛውም ቀን «ነገ»።

ከወንዙ ማዶ ያሉት የከተማው ቀጥቃጭ ናቸው። ያን ጊዜ ጢማቸው ነጭ ነበር፤ ሆኖም ትልቁም ትንሹም «አንተ» ይላቸዋል። አሁን ስጽፍ «አንቱ» እላቸዋለሁ፤ ዘግይቼም ቢሆን። ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ የቤተ ክርስቲያኑን የበር ማጠፊያ ሳይቀር የሠሩት እሳቸው ናቸው። ቤታቸው ገብቶ እህል የሚቀምስ ግን የለም፤ ልጅ የሚሰጣቸውም የለም። ዓይናቸው ሰው ይበላል ይባላል፤ ልጅ ከታመመ የእሳቸው ስም ይነሣል። ከእኔ ዘመዶች ከማንም የበለጠ ይጾማሉ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበርተኛው ሰንበቴ ቤት ሲገባ እሳቸው ደጃፉ ላይ፣ ከመቃኑ ውጭ ይቀመጣሉ፤ የራሳቸውን ሽክና ይዘው ይመጣሉ። ጠላውን የሚቀዳው ሰው የገንቦው አፍ ሽክናውን እንዳይነካ ከላይ ያንዠቀዥቅላቸዋል። በልጅነቴ ይህን ሁሉ እንደ ዝናብ ነበር የማየው፤ ሰው የሚያደርገው ነገር አይመስለኝም ነበር።

እሑድ ደረሰ። የሰንበቴው ሙሴ፣ ማለት ማኅበሩን የሚመሩት፣ አባቴ ነበሩ። ዳቦው ተባረከ፤ ተቆረሰ። ጓደኛዬን ከአባቴ በስተቀኝ አስቀመጡት፤ እኔ ከአጠገቡ ሆኜ አስተረጉማለሁ። ጉሙ በበሩ እየገባ እግራችን ሥር ይተኛል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ አንድ ዓይናቸው የማያይ፣ ሁሉን መጠየቅ የሚወዱ ሰው፣ «እስቲ ይህ ልጅ የማን ልጅ ነው? አባቱ ምን ይሠራሉ?» አሉ። ሁሉም መስማት ይፈልጋል።

ለጓደኛዬ ተረጎምሁለት። ዳቦውን አስቀመጠ፤ ወገቡን አቀና። አባቱ ቀጥቃጭ እንደሆኑ፣ አያቱም ቀጥቃጭ እንደነበሩ፣ በመንደራቸው ከእጃቸው ያልወጣ ማረሻ እንደሌለ በእንግሊዝኛ ተናገረ። ቀጥሎም በአገጩ ወደ ደጃፉ እያመለከተ፣ «እኒያ ሰውዬም ቀጥቃጭ ሳይሆኑ አይቀሩም፤ እጃቸው የአባቴ እጅ ነው» አለኝ። ደጃፍ ያሉት ሰውዬ ቀና አሉ። እንግዳው ሰላም ያላቸው መስሏቸው እጅ ነሡ። ሽማግሌዎቹ ዓይናቸውን እኔ ላይ አድርገው ይጠብቃሉ። የማኅበሩ ዋንጫ ሊሰጠው እየመጣ ነበር፤ ያ ሁሉ ሰው በየተራ የሚጠጣበት ዋንጫ። እውነቱን ብናገር ዋንጫው መንገድ ላይ እንደሚቆም አውቃለሁ።

«አባቱ መምህር ናቸው» አልሁ። «እንደ አባቴ። ብዙ ደቀ መዛሙርት አሏቸው።»

«እሰይ!» አሉ አንድ ዓይናው ሽማግሌ። «እኔስ ፊቱ ላይ አይቼው ነበር!»

ዋንጫው ደረሰው። በሁለት እጁ ተቀበለ፤ ከመጠጣቱ በፊት ዞር ብሎ አየኝ። ያን ጊዜ ነው የደነገጥሁት። አዲስ አበባ ሁለት ዓመት ኖሯል። ብዙ አማርኛ አያውቅም፤ ግን «መምህር» የምትባለውን ቃል በቀን አሥር ጊዜ የምንሰማት ቦታ ነው የኖርነው። ይህን ረስቼ ነበር። ጠጣ፤ ዋንጫውን ለአባቴ አሳለፈ።

ወደ ቤት ስንመለስ፣ መንገዱ ሲጋመስ፣ በአማርኛ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየፈለገ፣ «አባቴ መምህር ነው?» አለኝ።

ለመሳቅ ሞከርሁ። ከዚያ ሁሉንም ነገርሁት፤ ስለ ወንዙ ማዶ፣ ስለ ዓይን፣ ስለ ሽክናው። ለአንተው ስል ነው አልሁት፤ ከደጅ ያስቀምጡህ ነበር።

«ከደጅ መቀመጥ አውቅበታለሁ» አለ። አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። «ነጮቹ እንኳ ሲያባርሩኝ በወረቀታቸው የቀጥቃጭ ልጅ ብለው ነው የጻፉኝ። አባቴን የካደብኝ ሰው እስከ ዛሬ አልነበረም። አንተ ደግሞ እዚያ አዲስ አበባ፣ ወንበር ላይ ቆመህ፣ ቀጥቃጭነቱን ጮኸህ ተናግረህ ነበር።»

«እዚያ ሌላ ነው» አልሁ። ይህን ማለቴን በሕልሜ እንኳ እሰማዋለሁ።

በማግሥቱ ስነሣ ቦታው ባዶ ነበር። ከወንዙ ማዶ መዶሻ ይሰማል፤ ግን አንድ አልነበረም። አንዱ ቀጭን፣ አንዱ ወፍራም ሆኖ እየተቀባበለ ይመጣል። በጉሙ ውስጥ ወረድሁ። እግሬ ስንት ዓመት የረገጠውን መንገድ እየሳተ ነበር የሚሄደው። ከጎጆው ስደርስ ሽማግሌው ቀጥቃጭ በጉጠት ቀይ ብረት ይዘው መቀጥቀጫው መስፍ ላይ አድርገውታል፤ ጓደኛዬ ሸሚዙን አውልቆ በትልቁ መዶሻ ይመታል። ሽማግሌው በትንሿ መዶሻ ቦታውን ነክተው ያሳዩታል፤ እሱ እዚያው ያሳርፋል። ቋንቋ የላቸውም። ብረቱ ዳግመኛ ቀልቶ ከእሳት ሲወጣ ሁለቱም ባንድ ጊዜ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ያን ያህል የተስማሙ ሁለት ሰዎች አይቼ አላውቅም፤ ቅናት ቢጤም ተሰማኝ።

ሽማግሌው ሲያዩኝ ሥራቸውን አቆሙ። «ልጄ፣ ውሰደው እባክህ» አሉኝ። «ሰው አየው። ለአባትህ ክፉ ይሆናል።» ጓደኛዬ ላቡን ጠርጎ ወናፉን ያዘ።

ቀትር ሳይሆን ከተማው ሁሉ ሰማ። ጓደኛዬ በከሰል ጠቁሮ ሲመለስ ሴቶች ልጆቻቸውን ወደ ቤት አስገቡ። እናቴ በራችን ላይ የእጅ ውኃ ይዛ ቆማለች። ለአፍታ እጇ ሲያመነታ አየሁ፤ ከዚያ አፈሰሰችለት፤ ክንዱንም እስከ ላይ አጠበችለት። አባቴ ጠሩኝ። ጓዳ ገብተን ከፊታቸው ቆምሁ።

«የዚህ ልጅ አባት ምንድን ናቸው?»

«ቀጥቃጭ ናቸው፣ አባ።»

«እሱ ነው የዋሸው ወይስ አንተ?»

«እኔ ነኝ።»

ስለ ቀጥቃጭነቱ ይቆጣሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ስለዚያ ምንም አላሉም። «በተባረከ ዳቦ ላይ ዋሸህ» አሉ፤ ድምፃቸው ደክሞ ነበር። «የሰውን ልጅ አባት በፊቴ፣ በሰንበት፣ ካድህ። እሑድ ድንጋይ ትሸከማለህ።»

የአገራችን ሥርዓት ነው። ሰው የበደለ ሰው ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ ከበደለው ሰው ፊት ይቆማል። የተበደለው ይቅር ካለ ድንጋዩን በእጁ ያወርዳል። እስኪያወርድለት ድረስ ቀና አይልም። ሰው የገደለ ሲሸከም አይቻለሁ፤ መሬት የገፋ ሲሸከም አይቻለሁ። በአስተርጓሚነቱ የተሸከመ እኔ የመጀመሪያው ሳልሆን አልቀርም።

ያ ሳምንት እንዴት እንዳለፈ አላውቅም። ዝናቡ አላቆመም። ጓደኛዬ በየቀኑ ወንዙን ይሻገራል፤ ሲመለስ ሰላም ይለኛል፤ አብረን እንበላለን። አልተቆጣኝም። አንድ ጊዜ «ከባድ ድንጋይ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ፤ መካከለኛ ነው አልሁት፤ ሁለታችንም ሳቅን። ይቅር እንዲለኝ እፈልግ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲውም፣ ሰልፉም፣ ጭብጨባውም ተሰብስቦ የዚያን ያህል አያስፈልገኝም ነበር።

እሑድ ድንጋዩን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር አንሥቼ ሰንበቴ ቤት ገባሁ። ጎንበስ እንዳልሁ ከሰው ሁሉ እግሩን ብቻ ነው የማየው። ከጓደኛዬ ፊት ቆሜ ዋሽቻለሁ አልሁ፤ አባቱ መምህር አይደሉም፤ ቀጥቃጭ ናቸው አልሁ። ቤቱ አጉረመረመ። አባቴ በመቋሚያቸው መሬቱን መታ አደረጉና ጸጥ አለ። ጓደኛዬ እንዲያወርድልኝ ጠበቅሁ። አላወረደም። በአማርኛ፣ ለሳምንት ያጠናው መሆን አለበት፣ «የተበደለው አባቴ ነው። አባቴ ሩቅ ነው። እሳቸው እዚህ አሉ» አለ።

እጁን ወደ ደጃፉ እንደዘረጋ ሳላየውም አወቅሁ።

ሽማግሌዎቹ ተንጫጩ። አንድ ዓይናው ሽማግሌ «ኧረ ይህ ነገር!» አሉ። አባቴ «ሂድ» አሉኝ። ድንጋዩን እንደተሸከምሁ ወደ ደጃፉ ሄድሁ። ከመቃኑ ባሻገር ሁለት የተቃጠሉ፣ ጥፍራቸው የጠቆረ እግሮች አየሁ። «ይቅር ይበሉኝ» አልሁ፤ ለእሳቸው እንደዚያ ብሎ የተናገረ ሰው የነበረ አይመስለኝም። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ለእኔ ብቻ፣ «ስለ እኔስ አልዋሸህም፣ ልጄ፤ እውነቱን ብትናገር እዚህ እኔ ዘንድ ታስቀምጡት ነበር» አሉ። እጃቸው ማጅራቴን ነካው። ሞቃት ነበር። ድንጋዩን አወረዱና ጮክ ብለው «ይቅር ለእግዚአብሔር» አሉ። ቤቱም ተቀብሎ «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለ።

ቀና ስል ዓይኔ ብዥ ብሎብኝ ነበር። እያለቀስሁ ነበር፤ እፎይታ ነው። አሳላፊው ገንቦውን አነሣ፤ በሽማግሌው ቀጥቃጭ ሽክና እንደ ወትሮው ከላይ አንዠቀዠቀ። ያን ጊዜ ጓደኛዬ ተነሣ። ዳቦውን ይዞ፣ በሰው መካከል አልፎ፣ ደጃፉን ተሻገረና ከሽማግሌው ጎን ተቀመጠ። ማንም አልተቆጣም፤ እንግዳ ነው፣ አያውቅም አሉ። ሽክናውን ከሽማግሌው እጅ ተቀብሎ ጠጣ። ከዚያ በሌላ በኩሉ ያለውን ጭድ በመዳፉ ደልደል አደረገና ቀና ብሎ አየኝ። ይቅር ብሎኝ ነበር። ቦታ እያዘጋጀልኝ ነው።

ወደ ውስጥም አየሁ። አባቴ ዳቦውን እየቆረሱ፣ ዓይናቸውን ሳያነሡ፣ የጋቢያቸውን ጫፍ ሰብሰብ አድርገው እሳቸውም ቦታ ለቀውልኛል። ሽማግሌዎቹ እኔን ትተው ወሬያቸውን ጀምረዋል። ከቆምሁበት እስከ ጓደኛዬ ሁለት እርምጃ ነበር፤ እስከ አባቴ ስምንት ይሆናል።

ስምንቱን ሄጄ ከአባቴ ጎን ተቀመጥሁ።